በሰኔ የተለሰነ ቤት

በሩ አልገጥም አለኝ። ከጠበሉ ተመልሰን፣ ልጄን መደቡ ላይ አሳርፌ፣ ብርዱ እንዳይገባ በሩን መለስ ሳደርገው መሐል ላይ ቆመ። ትናንት በአንድ ጣት የሚዘጋ በር ነበር። ጠጠር ይዞት ይሆናል ብዬ ደፉን ጠረግሁ፤ ጠጠር የለም። በትከሻዬ ስገፋው መቃኑ ሲጥ አለና የደረቀ ጭቃ አንገቴ ላይ ረገፈ። ቀና ብዬ ሳይ መቃኑ ራሱ ዘሟል። ዓይኔ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሄደ። ትናንት ልሙጥ የነበረው ልስን ከጣሪያው እስከ መደቡ እግር፣ ልክ ልጄ ራሷን ካስደገፈችበት ጎን ተሰንጥቋል። ጣቴን ሰደድሁበት። የውጭ ነፋስ ነካኝ።

የገበሬ ልጅ ነኝ። ግድግዳ በፀሐይ ሲሰነጠቅና ምድር ከሥሩ ሲሄድ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወጥቼ በጓሮ ዞርሁ። ስንጥቁ ከግድግዳው ወርዶ፣ ሣሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በቤቱ ጀርባ ታጥፎ እስከ ወንዙ ገደል ይሄዳል። ቤቱንና እኛን ከተራራው ቆርጦ ለብቻችን አስቀምጦናል። እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ናዳው አልነበረም። መጀመሪያ የመጣብኝ፣ ምያለሁ፣ መውጣት አልችልም የሚለው ነው።

ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ በነበሩበት በመጨረሻው ዘመን ነው ይህ የሆነው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ባለቤቴ በሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ይዞ ልብስ ይሰፋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን የቀኝ ጉልበቷ እንደ ቅል አብጦ መራመድ ከለከላት። ሐኪሙ መርፌ ወጋት፤ ጎደለ፣ እንደገና አበጠ። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። ስለዚህ ሰው "ይሻላታል" ሲለኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ አላምንም። ከአምበር ወዲያ፣ ወደ ቆላው አፋፍ፣ የአቦ ጠበል አለ ሲሉኝም ተስፋ አድርጌ አልሄድሁም። ሳልወስዳት ብትሞትብኝ ምን እላለሁ ብዬ ነው የሄድሁት።

እስከ አምበር በጭነት መኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በኪራይ በቅሎ ሄድን። ባለቤቴ ሲሸኘን "ቤት ስትመርጪ አትቸኩዪ፣ ሁለት ሱባኤ ትቀመጫላችሁ" አለኝ። ሁለት ሱባኤ ማለት አሥራ አራት ቀን ነው፤ የተጀመረ ሱባኤ አይቋረጥም። ሰው ሁሉ በበጋ መጥቶ፣ ቤት ተሻምቶ፣ ሱባኤውን ጨርሶ ይሄዳል። እኛን ሕመሙ ወር አላስመረጠንም፤ ሰኔ ሲገባ ደረስን። በሰኔ ቤቱ ሁሉ ተከራይ ፈላጊ ነው። የምመርጠው እኔ ነበርሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለውን ረጅም አዳራሽ ነው። ሃያ ሰው ጎን ለጎን ተኝቶበታል። ከደጁ ስቆም አንዲት ሴት የልጇን ቅማል ትለቅማለች፤ ተስቦ ያለበት ቤት ይህ ነው አልሁና ደፉን ሳልረግጥ ተመለስሁ።

ሁለተኛው እላይ ነው፤ ከአምበር የሚመጣው መንገድ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ዐለት ላይ የተሠራ ጎጆ። የቤቱ እመቤት ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊት ናቸው። ውስጡ በጭስ ጠቁሯል፤ ከምሰሶው ሥር አራት ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ።

"እማማ፣ ፍየሎቹ ይወጣሉ?" አልኋቸው።

"የት ይውጡ? ቤቱ የእነሱ ነው። እኔም ተከራይ ነኝ።"

"ልጄ በሽተኛ ናት፤ ሽታው..."

"አቦ ከስልሳ አንበሳና ከስልሳ ነብር ጋር ኖረዋል። አንቺ ለአራት ፍየል ሸተተሽ?"

አፈርሁ፤ ግን አልተከራየሁም። ጠበሉ ከታች ነው፤ ያን ዳገት በየቀኑ ልጅ አዝዬ እንዴት እወጣዋለሁ ብዬ።

ሦስተኛው ቤት ከጠበሉ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም፤ መደቡ ላይ ተኝቶ ውኃው ሲወርድ ይሰማል። ግድግዳው በጭድና በእበት ተለስኖ፣ በነጭ አፈር ተቀብቶ፣ ገና እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከወራት በኋላ ንጹሕ ነገር አየሁ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጄን ስታይ ከበቅሎው አውርዳ፣ በክንዷ አቅፋ አስገብታ መደቡ ላይ አስተኛቻት።

"እትዬ፣ ቤቱ አዲስ ነው?"

"ልስኑ ነው አዲስ። ቤቱ የባሌ እጅ ነው፤ ነፍሱን ይማር።"

"እገባለሁ።"

"ምለሽ ግቢ። ያለፈው ተከራይ ሰውዬ በሰባተኛው ቀን ጥሎኝ ሄደ። ሁለቱን ሱባኤ ሳትጨርሺ ላትወጪ በአቦ ማይልኝ።"

ማልሁ። ሰውዬው ለምን ጥሏት እንደሄደ አልጠየቅሁም። ሌላም ሳልጠይቅ የቀረ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። በአገራችን ቤት የሚለሰነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ለዘመን መለወጫ ነው። ዝናብ ሊያጥበው ሲል፣ በሰኔ፣ ማን ቤት ይለስናል? ይህን ልጅ እያለሁ አውቀዋለሁ። ዓይኔ ግን ነጩን ግድግዳ እንጂ ወሩን አላየም።

እንዲህ አድርገን ስምንት ቀን ተቀመጥን። ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ አዝያት እወርዳለሁ፤ ቄሱ ያጠምቋታል፤ ጉልበቷን የእምነት አፈር እቀባታለሁ። ጉልበቱ ያው ነው። በዘጠነኛው ቀን በሩ አልገጥም አለ።

እትዬ በዚያ ቀን ጎሕ ሳይቀድ አምበር ገበያ ሄዳለች። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ የነበሩት ከግርዶሹ ወዲያ የተከራዩ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ፣ ዓይናቸው ሊጠፋ ትንሽ የቀረው። ሮጬ ገባሁ።

"አባባ፣ ይውጡ፤ ቤቱ ሊሄድ ነው!"

"ወዴት? መንገዳችን አንድ ከሆነ አብሬው ልሂድ።"

"ቀልድ አይደለም፣ መሬቱ ተሰንጥቋል።"

በትራቸውን ይዘው ወጡ፤ በእግራቸው እየዳበሱ ስንጥቁን አገኙት። ጫማቸውን በጎኑ ከተቱበት። ገባ። ቀልዳቸው ቆመ።

"እና ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እትዬን። ሁለት ሱባኤ ሳልጨርስ ላልወጣ በአቦ ምያለሁ። ካልፈቱኝ እንዴት እወጣለሁ? እርስዎስ አልማሉም?"

"እኔን አላስማለችኝም። ዕውር ወዴት ይሸሻል ብላ ነው መሰለኝ።" ጫማቸውን ከስንጥቁ አውጥተው "በእኔ ይሁን፤ ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ውጪ" አሉኝ።

"ልጅዎ ብትሆን እንዲህ ይሉ ነበር?"

በትራቸውን ተደግፈው ደጁ ላይ ተቀመጡ።

አባቴ ማሳው ሲሰነጠቅበት የሚያደርገውን አደረግሁ። ጭቃ አቡክቼ በስንጥቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ድልድይ ለጠፍሁበት፤ ምድሩ ከቆመ ጭቃው ይቆማል። ከዚያ ደጁ ላይ ተቀምጬ ወደ ዳገቱ መንገድ እመለከት ጀመርሁ። እትዬ አትታይም። ልጄን ወደ በሩ አስጠግቻታለሁ፤ አላስወጣኋትም። ካስወጣኋት ወጣሁ ማለት ነው። ከቆየን ግድግዳው ይበላታል። ከወጣን አቦ ፊታቸውን ያዞሩባታል፤ አቦ መሐላ ያፈረሰን አያልፉም ሲባል ነው ያደግሁት። ከፊደል ገበታ ያላለፍሁ ሴት ነኝ፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ የሚነግረኝ መጽሐፍ አላነበብሁም። የማስበው እንዴት እንደምናመልጥ አልነበረም። እንደማናመልጥማ አውቄዋለሁ። ሦስተኛዋንም ላጣ ነው፤ እሷም እኮ በእኔ ምርጫ ነው የምትሄደው እያልሁ ነበር።

ቀትር ላይ ካፊያ ጀመረ። ጭቃውን ሄጄ አየሁት። መሐል ለመሐል ተበጥሷል፤ በስንጥቁ እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ተመልሼ ስመጣ እያለቀስሁ ነበር። ልጄ አየችኝ።

"እማዬ፣ የማልሽው አንቺ ነሽ እኔ?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው እኔን አውጪኝና አንቺ ተመለሺ።"

ተናዳ ትሁን አዝና እስከ ዛሬ አልገባኝም። የልጅ አፍ ብዬ አላለፍሁትም። እውነቷን ነው። መሐላው እኔን እንጂ እሷን አላሰረም። እላይ ከአሮጊቷ ጎጆ አድርሻት ተመልሼ እገባለሁ፤ አምስት ቀን ነው የቀረኝ። ቤቱ ቢወድቅም እኔ ላይ ይውደቅ። ነገሩ እንዲህ ሲሆንልኝ እንባዬን ጠርጌ ተነሣሁ።

በአጎዛው ጠቅልዬ አዘልኋት። ሽማግሌው የነጠላዬን ጫፍ ያዙ። ዳገቱ ያዳልጣል፤ ሁለት እርምጃ ወጥተን አንድ እንመለሳለን። ዝናቡ እየባሰ ሄደ። ሽማግሌው ከኋላዬ እያለከለኩ "ደረስን?" ይላሉ።

"ገና ነን፣ አባባ።"

"ዓይን ላለውም ሩቅ ነው ማለት ነው። እኔ ዓይኔ መስሎኝ ነበር።"

ልጄ ጀርባዬ ላይ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ "ነጠላሽን እየቀደዱት ነው" አለችኝ በጆሮዬ። እኔ አልሳቅሁም። ስንት እርምጃ እንደቀረኝ ሳይሆን ተመልሼ ስወርድ ስንት ጊዜ ዞር ብዬ እንደማያት ነበር የማስበው።

አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያዩን አልተንቀሳቀሱም።

"ፍየሎቼ ይሸታሉ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ዛሬ ደግሞ ረጥበዋል፤ የባሰ ይሸታሉ። ግቡ።"

ልጄን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኋት። እግሯን አስተካከልሁ። ግንባሯን ሳምሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ከአጥሩ ሳልርቅ እትዬ አሞሌ ጨው በትከሻዋ አድርጋ ከአምበር መንገድ ብቅ አለች።

"ምነው? ወዴት ነው በዚህ ዝናብ?"

"ወደ ቤትዎ። ልጄን እዚህ አስቀምጬ እየተመለስሁ ነው። አምስት ቀን ይቀረኛል፤ መሐላዬ አለ።"

አሞሌውን አወረደችው።

"ስንጥቁ ምን ያህል ሆነ?" አለች።

የምን ስንጥቅ አላለችም።

"ያውቁ ነበር። በሰኔ የለሰኑት ለዚህ ነው።"

"አምናም ተሰንጥቆ ቆሞ ነበር። ዘንድሮም ይቆማል ብዬ ነው። ሌላ ቤት የለኝም፣ እህቴ።"

"ልጄን መደቡ ላይ ያስተኟት በገዛ እጅዎ ነው።"

"በገዛ እጄ ነው።"

ልሰድባት አፌን ከፈትሁ። እሷ ናት መጀመሪያ ያለቀሰችው። ከዚያ እጇን አንስታ "ፈትቼሻለሁ። በአቦ ፈትቼሻለሁ። መሐላው እኔን ይያዘኝ" አለች። አሮጊቷ ከውስጥ "ፍርዱን ገብታችሁ ጨርሱት፣ ዝናብ ገባ!" ብለው ጮኹ።

በሦስተኛው ቀን ከዚያው ከጎጆው ለጠበል ስንወርድ ቤቱ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ቀይ አፈር ብቻ እስከ ወንዙ ወርዷል። እትዬ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ነበረች፤ ከዚያ ከዝናቡ ቀን ጀምሮ በአሮጊቷ ቤት ነው ያደረችው። ሱባኤያችንን ጨረስን። የልጄ ጉልበት ግን አልዳነም፤ አሁን እሷም እናት ሆና፣ አይታጠፍም። መሐላውን ለመተው ስለቃጣኝ ይሆን ወይስ እንዲሁ ተጽፎባት፣ ብዙ ዘመን ራሴን ጠይቄ ያገኘሁት ነገር የለም።

ያን ዕለት ግን፣ ከእትዬ ጋር ተያይዘን ከዝናቡ ስንገባ፣ ልጄ ጀርባዋን ለአንዷ ፍየል አስደግፋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው እጃቸውን እሳት ያሞቃሉ።

"ተመለስሽ?" አለችኝ።

"ተመለስሁ። አልወርድም።"

መሬቱን በእጄ ዳበስሁት። ጭቃ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ዐለት ነው። አጠገቧ ተቀመጥሁና ነገርኋት፦ "ደርሰናል። ይህ ቤት አይወድቅም። ተርፈናል።"