ያላንኳኳሁት በር

ያን ቀን በሩን ባንኳኳ ኖሮ ሴትየዋ ትተርፍ ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

በደርግ ዘመን ሀዋሳ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያሉን አዋላጅ አንዲት ሲስተር ብቻ ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ተረኛ ሆኜ ካርድ ክፍሉን ከምጠብቀው ከእኔ በቀር ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ የፖለቲካ ትምህርት ይማራል። አቋርጦ የወጣ፣ ያስወጣም፣ በፀረ አብዮተኛነት ይጠረጠራል።

አንድ ሰኞ ከታቦር ኮረብታ ሥር በቃሬዛ የመጣች ወላድ ደሟ እየፈሰሰ፣ እየጮኸች ደረሰች።

«በእናትሽ፣ አዋላጇን ጥሪልኝ!» አለኝ ባሏ።

እስከ አዳራሹ በር ሄድኩ፤ እጄን አነሳሁ፤ መለስኩት።

«አሁን ይወጣሉ» አልኩት። እስኪወጡም ካርዷን አንድ መስመር ሳልዘል ሞላሁ። ሲወጡ ሞታለች።

ሲስተር ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በሩ ሥር ነበር የተቀመጥኩት፣ ልጄ» አሉኝ። «ጩኸቷን ሰምቻለሁ።»