ስለ ማርያም፣ ድስት

የጎረቤታችን ፍየል ሆዷ ተነፍቶ መቆም ሲያቅታት፣ ሳትሞት ትታረድ ብለው አረዷት። ሥጋዋን ግን የበላ የለም። ጨጓራዋ ሲቀደድ የወጣው ነገር የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ገመድ የሆነ ፌስታል። አብዛኛው ሰማያዊ ነበር። በእኛ ሰፈር ጫት የሚጠቀለለው በጥቁር ነው፣ ዳቦ በነጭ። በሰማያዊ ፌስታል ወጥ የሚቋጥር የእናቴ ምግብ ቤት ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ሶማሌ ናት። ባሏ ሞቷል፤ የምትኖረው ከፍየሎቿ ወተት ነው። ያንን ድቡልቡል ነገር በሳህን ይዛ መጣችና ደጃችን ላይ አስቀመጠችው። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ በሶማልኛ ተናገረችኝ።

«አባዮ፣ ይሄ የእናንተ ዕቃ ነው። አንዲት እርጉዝ ፍየል ቀርታኛለች። እሷም ከሞተች የምበላው ከእናንተ ቤት ነው፣ እወቂው።»

አባዮ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። ሰድባኝ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። እህቴ ስትለኝ ግን ሳህኑን አንስቼ ወደ ቤት አስገባሁት፣ እሱም አናደደኝ።

ምግብ ቤታችን ከከተማው ጫፍ፣ የኢትዮጵያ የጭነት መኪኖች ወደብ እስኪጠሩ ተሰልፈው የሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ነው። አያቴ በድሮው ባቡር ጊዜ ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እናቴ ደግሞ ከባቡሩ ሰዎች ወደ መኪና ሰዎች ዞረች። ሹፌር ተራዬ ያልፍብኛል ብሎ ስለሚፈራ ከመኪናው አይርቅም። ስለዚህ ምግቡን ይዞ ይሄዳል። እንጀራው በአንድ ፌስታል፣ የሚፈላው ሽሮ በሌላ። ከተሳቢው ሥር ጥላ ላይ ተቀምጦ ይበላና ፌስታሉን ወደ ነፋሱ ይወረውረዋል። ፍየሎቹ ቂል ሆነው አይደለም የሚበሉት። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ጨውና በርበሬ የሚሸት ሌላ ነገር የለም።

በዚያው ቀን ለእናቴ ከዛሬ ጀምሮ በፌስታል አንሸጥም አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን እንኳ አላስቀመጠችም። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነው፣ ሽሮ የሚሸጠው በሁዳዴ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን አለችኝ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ናጋድ፣ እዚሁ ከተማችን ጣቢያ፣ ደረሰ የተባለበት ዓመት ነበርና እሱንም ጨመረችው። «ባቡሩ ሹፌሮቼን ሊወስድብኝ ነው። የተረፉትን ደግሞ አንቺ አባሪልኝ።»

ፍየሏ እስከ ፋሲካ ትጠብቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ የፍየል እናት ነኝ?» አለች።

ከሷ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ካርቶን ሙሉውን ሰማያዊ ፌስታል ተሸክሜ ሄድኩና ለጎረቤታችን ሰጠኋት። እናቴ ከእኔ ጋር ስትጣላ መዋል ትችላለች። ፍየሏ ወደሞተችባት ሴት ሄዳ ግን ፌስታሌን መልሺ አትልም። እንደገመትኩትም አላለችም።

ለሹፌሮቹ ከእንግዲህ ይዞ መሄድ የፈለገ ድስት ይዞ ይምጣ አልኳቸው። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱ መኪና ጎኑ ላይ ሳጥን አለው፤ ውስጡ ምድጃ፣ ጀሪካን፣ ድስት አለ። በረሃ መሀል ሲበላሽባቸው የሚያበስሉት በዚያ ነው። ዕቃው አላቸው፤ ችግሩ ሌላ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የተነሳብኝ የወርቅ ጥርስ ያለው ሽማግሌ ሹፌር ነው። እናቴን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሚያውቃት፣ እሱ የበላበት ቤት ሌሎቹም የሚበሉበት ሰው።

«ድስት ይዤ?» አለ። «በር ላይ ቆሜ? ልጅት፣ እኔ የኔ ቢጤ መሰልኩሽ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ዕቃ ይዞ ምግብ ቤት በር ላይ የሚቆም ትራፊ የሚለምን ነው። ሃያ ሁለት ጎማ የሚነዳ ሰው፣ ደሞዙን በሁለት አገር ገንዘብ የሚያወራ ሰው፣ በሰው ፊት ድስት አንጠልጥሎ አይታይም። ፌስታል ከከፈለ ሰው እጅ ላይ የሚታይ ነገር ነው።

«እሺ ጋሼ፣ እዚሁ ቁጭ ብለው ይብሉ» አልኩት።

«ተራዬ ቢያልፍ አንቺ ትነጂልኛለሽ?» ብሎ ተነስቶ ወደ ማዶው ምግብ ቤት ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ማዶ ያለችው ሴትዮ ፌስታሏን ከፍ አድርጋ እያሳየች ታስር ጀመር፤ ነጩን ትታ እሷም ሰማያዊ ገዝታለች። እናቴ ያልተሸጠውን ሽሮ ድስት ከእሳት ላይ አውርዳ ፊቴ አስቀመጠችው። «ብዪው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ በላሁት፤ ምሳ፣ እራት፣ በማግስቱም ምሳ።

ሽሮ ስበላ ነው የታሰበኝ። ድስት መያዝ ካሳፈራቸው እኔ እይዘዋለሁ። ለማኝ መምሰል ከፈሩ ለማኟ እኔ እሆናለሁ። በጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ሜዳው ወረድኩና የመጀመሪያው መኪና በር ላይ ቆምኩ።

«ስለ ማርያም» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። «ስለ ወላዲተ አምላክ፣ የድስት ያለህ።»

ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣና አፈጠጠብኝ። ይቺ የማዘር ልጅ አይደለችም እንዴ አለ፤ ማዘር የሚሏት እናቴን ነው። ናት አልኩት፣ ስለ ማርያም። በሁዳዴ፣ ጠዋት፣ በስሟ የለመነን ሰው ባዶ እጁን የሚመልስ ጾመኛ እስቲ አሳዩኝ። እየሳቀ ወርዶ ሳጥኑን ከፈተ። ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ድስቶቹን በትልቅ ሳፋ ተሸክሜ ተመለስኩ። እናቴ ስታየኝ በመጀመሪያ አማተበች፣ ቀጥላ ተሳደበች፣ ከዚያ ጭልፋውን አነሳች። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮውን ሞልቼ፣ እንጀራውን በክዳኑ ላይ አጣጥፌ ለየመኪናው አደረስኩ። ከሳፋው ሥር ላቤ እስከ ተረከዜ ይወርዳል። ፉጨቱም ነበር። «የኔ ቢጤ! እዚህ ጋ እንዳትረሺን!» ይላሉ። «አንተ ደግሞ መቼ መጽውተህ ታውቃለህ?» እላለሁ። አፍ ለአፍ ከሆነ እኔ አልሸነፍም።

ሙስሊሞቹ ሹፌሮችም ድስታቸውን ሰጡኝ፤ በማርያም ስም ሳይሆን በሳቅ። ጣጣው ከዚህ መጣ። ድስት ሁሉ ድስት ነው፣ ከሥሩ የጠቆረ፣ ጎኑ የተጨረማመተ። በሦስተኛው ቀን የአንዱን ሙስሊም የድሬዳዋ ሹፌር ድስት ለአንድ ጾመኛ ሰጠሁት። ጾመኛው ግማሹን ከበላ በኋላ የድሬዳዋው ሰው በመስኮት አየና ድስቴ እዚያ ምን ይሠራል አለ። ትናንት ማታ የፍየል ሥጋ የተቀቀለበት ነው። ሜዳው በአንድ አፍታ ችሎት ሆነ። ሁዳዴ ላይ ሥጋ የገባበት ድስት፣ ያውም ሙስሊም ያረደው! የወርቅ ጥርሱ ሹፌር ከማዶ ድረስ መጣ። ልጅቷ የሰው ጾም ማስገደፍ ጀምራለች፣ እናቷም ዝም ብላ ታያለች፣ ከእንግዲህ እዚያ ቤት የሚበላ ክርስቲያን ባየው አላናግረውም አለ። እናቴ ሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ። በዚያች ሰዓት ፌስታል ማሰር ብንጀምር ሁሉም ነገር በነበረበት እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጎረቤታችን ከደጇ ሆና ታየናለች። አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ ግን ነገሩ የገባት ይመስለኛል፤ ፍየሏን በገመድ ወደ ራሷ ሳበቻት።

ቤት ገባሁና ከእናቴ የስፌት ሣጥን ውስጥ ጥቁር ክር አወጣሁ። ሁሉም እያዩኝ ሜዳው መሀል ተቀመጥኩና የማን እንደሆነ እየጠየቅኩ የክርስቲያኖቹ ድስት ጆሮ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ክር አሰርኩ።

«ይኸው ማተብ» አልኩ። «ማተብ ያለው ድስት ሥጋ አይገባበትም። ማተብ የሌለው ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የተሳሳተ ዓይኑን ይታከም።»

የድሬዳዋው ሹፌር ነው መጀመሪያ የሳቀው። «አቦ የኔን እንዳትነኪው» አለ ድስቱን አቅፎ። «ክርስትና ታነሺብኛለሽ።» ሲስቁ ቁጣው ረገበ። ጾሙ የተነካበት ሰው ለንስሐ አባቱ ደወለ፤ ሳታውቅ ነው ብለው ቀለል አድርገው ሸኙት መሰለኝ፣ በማግስቱ ድስቱን ያለ ልመና ሰጠኝ። የወርቅ ጥርሱ ግን አልተመለሰም። ከእሱ ጋር የቀሩ ነበሩ፤ በማዶ በኩል ሰማያዊው ፌስታል አሁንም ይበራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እኔና ጎረቤታችን እየዞርን የተጣለውን ፌስታል እንለቅማለን። በረዶ የሚሸጡ የሰፈሩ ሴቶችም ገቡበት። እነሱም ፍየሎች አሏቸው፤ ኑ ብሎ የጠራቸው የለም። ማዶ ያለችው ሴትዮ ሰፈሩን ሁሉ አሳመፅሽብኝ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ፍየሏ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወለደች። እናቴ ወሬውን ስትሰማ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የስንዴ ፉርሽካ በሳህን አድርጋ ወሰደችላት። ያ ሳህን ፌስታሉ የመጣበት ነው፤ እስከዚያ ድረስ እኛ ቤት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ የወርቅ ጥርሱ ሹፌር ደጃችን ላይ ቆመ። ማዶ ያለችው ሴትዮ ሽሮዋን አቀጠነችው ይባላል፤ እሱ ግን ስለዚያ ምንም አላለም። በብብቱ ሥር የሆነ ነገር ይዟል፣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ። ግራ ቀኝ አይቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ድስት ነው። ሰው እንዳያየው በፌስታል ሸፍኖ አመጣው።

እኔ ስስቅ ፍየሏ ግልገሏን አስከትላ ገባች፤ የፌስታሉን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ጎተተች። ከአፏ ነጠቅኳትና አጣጥፌ የሹፌሩ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«ይሄን ይውሰዱልን ጋሼ» አልኩት። «ድስቱን ደግሞ ሌላ ጊዜ በእጅዎ አንጠልጥለውት ይምጡ። ሰው ይይዎት።»

ወደ እናቴ ዞረ፤ አፏን ታስይዝልኛለች ብሎ። እናቴ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አሸተተችና ሞላችለት። ከዚያ ክር ቆርጣ ጆሮው ላይ አሰረችበት።

የሚፈላውን ድስት በሁለት እጁ ይዞ በሜዳው መሀል ሄደ። ከየመኪናው ፉጨት ተነሳ። አንዱ ጥሩምባ ነፋበት፣ ሌላው ስለ ማርያም አለው። እሱ ወደ ማንም አልዞረም። ሽሮው እንዳይፈስበት ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው፣ ሁሉም አየው።