ስለ ሰፈራችን የጻፍኩት ጥናት

በዚያን ጊዜ ስለ ትልልቅ ከተሞች ኑሮ የተጻፉ መጻሕፍት ያሳብዱኝ ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከቤተ መጻሕፍት የማወጣቸው ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ከተማ ሲያድግ ሰው ለሰው ባዳ ይሆናል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም፣ ነዋሪው ሁሉ ልቡን አገር ቤት ትቶ የመጣ እንግዳ ነው። እኔ አስመራ፣ እዳጋ ሓሙስ ሰፈር የምኖረው፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ከሦስት ቤት ሾርባ የሚመጣልኝ ሰው፣ ይህን እያነበብኩ "እውነት ነው" እል ነበር። የተማረ ለመምሰል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ከአዲስ አበባ የመጣው መምህራችን "መጽሐፍ መገልበጡን ተዉትና ስለ ገዛ ከተማችሁ ጻፉ" ሲለን፣ ደብተሬን ይዤ በመደዳችን ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። ከአንዱ መጽሐፍ እንዳየሁት ገጹን አሰመርኩና ከላይ "ስም፣ ሥራ፣ ቋሚ መኖሪያ" ብዬ ጻፍኩ። ስጠይቅ ግን በትግርኛ፣ ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ እንደሚጠያየቀው "ከወዴት ናችሁ?" እል ነበር። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ የእኛ ሰው የአባቱን መንደር ይጠራል። አስመራ ተወልዶ አስመራ ልጆቹን የዳረ፣ መንደሩን ለቀብር ካልሆነ ረግጦት የማያውቅ እንኳ የአባቱን መንደር ይጠራል። የማን ልጅ እንደሆነ መናገሩ ነው እንጂ የት እንደሚያድር መናገሩ አይደለም።

ይህን የሚያስረዳኝ አልፈልግም ነበር፤ እኔም ስጠየቅ የምመልሰው እንደዚያው ነው። ሆኖም መጽሐፉ ልክ እንዲሆን በመጓጓቴ፣ የተጠራልኝን መንደር ሁሉ "ቋሚ መኖሪያ" ከሚለው ሥር አሰፈርኩ። የጋራዥ ሠራተኛውም፣ ጡረተኛውም፣ ባለሱቋም አልቀሩ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ቀና እንኳ ሳትል የአያቴን መንደር ነገረችኝ። እሱንም ጻፍኩ።

በመደዳው ጫፍ ከወሎ የመጡ አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከቃኘው ጦር ሰፈር የሚወጣውን የአሜሪካኖች አሮጌ ሱሪ በእኛ ልክ እያጠበቡ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። እሳቸውን በአማርኛ ጠየቅኳቸው።

"እኔማ የዚሁ ነኝ" አሉኝ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው።

"አገርዎን ማለቴ ነው።"

"የተወለድኩትስ ወሎ ነው። ቤቴ ግን ልጆቼ የሚያድሩበት ነው። እዚሁ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ፤ ከጎኑ ግን "ጥያቄው አልገባቸውም" የሚል ማስታወሻ ጨመርኩበት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ጥናቱ ተወደደልኝ። "በዚህ ሰፈር ቋሚ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል፤ የሁሉም ቤት ገጠር ነው" የሚለውን መምህሩ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያም ከነስም ዝርዝሩ በታይፕ አስመትቶ፣ የመንገድና የቦታ ጉዳይ በሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ወዳጁ ሰጠው። እኔም ያን ሰሞን ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

በዓመቱ የገበያው መንገድ ሊሰፋ መደዳችን እንዲፈርስ ተወሰነ። ለቋሚ ነዋሪ ከከተማው ዳር፣ በፓራዲዞ በኩል ምትክ ቦታ ይሰጣል ተባለ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ከዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በቀር ምንም አልነበራትም። አማርኛ ስለማትችል ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ፋይሉን ሲገልጥ ከላይ ያለውን ወረቀት ከሩቁ ለየሁት፤ የእኔ ጥናት ነበር።

"ቤታቸው ገጠር ነው ይላል" አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። "ለእንደዚህ ዓይነቱ ምትክ አይሰጥም።"

"ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቅኩት ሌላ፣ የሞላሁት ሌላ ነው" አልኩት።

ጸሐፊው ተጠራጠረና ወደ እናቴ ዞሮ፣ ከገበያ በለቀመው ትግርኛ፣ በትሕትና "እናቴ፣ ከወዴት ነዎት?" አላት። እናቴ በቋንቋዋ በመጠየቋ ፊቷ በራ። ነጠላዋን አስተካክላ የአባቷን መንደር ነገረችው፤ ደስ ስላላት የአያቷንም ስም ጨመረችለት። እኔ ምኑን ልተርጉም? ጸሐፊው ራሱ ሰምቷል። ፋይሉን ዘጋው።

ከመደዳችን ምትክ ያገኙት ልብስ ሰፊው ብቻ ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ያንን ወረቀት ማን እንደጻፈው እስከ መጨረሻው አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።

ለእናቴ ግን የዚያኑ ዕለት፣ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"እኔ ምን ብዬህ ነበር?" አለች።

"የአያቴን መንደር።"

"ታዲያ ያባቴ አገር አይደለም?"

"ነው።"

አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈረችም። ቁጣ በሌለው ድምፅ "ወደይ፣ ልጄ፣ ሌላውን ሰው ብትጠይቅ አላጠፋህም" አለችኝ። "የምታድርበትን ቤት ግን እኔን መጠየቅ ነበረብህ?"