ለንደንን የረሳሁባቸው ረቡዖች
ከሞኝነቴ ልጀምር። ለንደን በፈረንሳይኛ «ሎንድር» መባሉን በሰማሁበት ቀን ነው የያዝኩት። ግን ወር መጣ ወር ሄደ፣ የረሳሁ መሰልኩ።

በንጉሡ ዘመን ቢቸና እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ተማሪው ሲያየኝ ብድግ ይላል፤ ሰፈርተኛው ጎንበስ ብሎ የሌሉኝን ከብቶች ደህንነት ሳይቀር ይጠይቀኛል። ከሰላምታው በኋላ ግን ጨዋታ የለም። ማታ ብቻዬን ዳማ እጫወታለሁ። እሱንም እሸነፋለሁ።

ሰው ያገኘሁት ከሞጣ ነው። ቁስል የሚያክም፣ መርፌ የሚወጋ የሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደገ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ። ረቡዕ ረቡዕ ለክትባት በጭነት መኪና ይመጣና እኔ ዘንድ ያድራል። የሥራው መጻሕፍት እንግሊዝኛ ሆነውበት «ቃል እንለዋወጥ» አለኝ፤ በነጻ መማር አይወድም። መስኮቱን፣ ማንኪያውን፣ ወንበሩን ተለዋውጠን ስንጨርስ ወደ አገር ስም ገባን። ጀርመን «አልማኝ» ነው ሲለኝ ገረመኝ።

«ቢቸናንስ ምን ይሏታል?»

«ስም የሚያወጡላት መጀመሪያ ሲያውቋት አይደል፣ አቦ!»

ቃሉ ካለቀ እኔ ዘንድ ማደሩም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «ለንደን?» ሲለኝ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

«አቦ፣ ይሄ ጭንቅላት ነው ወንፊት?»

እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረን አንበላም። ረቡዕ ግን ጾም ነውና ሽሮ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ፋሲካ ሲመጣ ጭንቅ ሆነ፤ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። አከራዬን «እማማ፣ የረቡዕ ሽሮዬን አይተዉብኝ» አልኳቸው።

አማተቡ። «በበዓለ ሃምሳ? ቄሱ ንስሐ ሰጥተውህ ነው? ምን አድርገህ ነው ልጄ?»

ለጨዋታ ጓደኛ ብዬ ነው ማለት አሳፈረኝ። «ከባድ ነው እማማ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ ነፍስ ያጠፋሁ ይመስል መንገድ ይለቅልኝ ጀመር።

በዓለ ሃምሳው ሳያልቅ ድሬሰሩ ወደ አገሩ ተዛወረ። የተጫነው እህል ላይ ተቀምጦ፣ መኪናው ሲነሳ «ለንደን?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ሎንድር!» አመለጠኝ።

ሳቁ ከአቧራው ጋር ራቀ።

በቀጣዩ ረቡዕ እማማን ያው የቤቱን እበላለሁ አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ቀይ ወጥ አቀረቡልኝ። አንዴ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸው ፊት ለፊቴ ድሬሰሩ ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ ዱካ አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ንስሐህስ ገና ዛሬ ጀመረ መሰለኝ» አሉኝ። «ሽሮ ላምጣልህ?»