«ተጠቃሚ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሳችን ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። ሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ከረባት ያሰረ ሰው ስለ አንድ አዲስ ሎጅ ያወራል። «የአካባቢው ህብረተሰብም ከዘርፉ ተጠቃሚ ይሆናል» ሲል ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀምጬው ኖሮ አጠገቤ ብስኩት የሚበሉት ሰውዬ ደነገጡ። «ምነው፣ አመመሽ?» አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። ደህና ግን አልነበርኩም። ያችን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ አልበረደልኝም። ንዴቴ በባለ ከረባቱ ብቻ ቢሆን እንዴት ደግ ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ጮቄ ተራራ ሥር ባለች መንደር ነበር። ከደብረ ማርቆስ እስከ ገበያው በጭነት መኪና ይኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። ክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ያነጣዋል። የምንበላው ድንችና የገብስ ቂጣ ነበር፤ ድንቹ በአዋዜ ሲበላ እስካሁን ከተማ ውስጥ እንደዚያ የሚጣፍጥ አላገኘሁም። በመጀመሪያው ወር አለቀስኩ። በሦስተኛው ወር ዝውውር መጠየቄን ተውኩት።

መንደሯ እኔ ከመድረሴ በፊት እንግዳ ለምዳለች። በበጋ ወፍና ተራራ ለማየት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ፈረንጅም፣ አዲስ አበቤም። የገረመኝ የመንደሩ ሰው አያያዝ ነው። ማንም ሳያሠለጥናቸው፣ ማንም በፕሮጀክት ሳይመጣባቸው፣ እርሻ እንደሚረዳዱት ሁሉ ይህንንም በተራ አድርገውታል። እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰው ሰው ፈረሱን ይጭናል፤ እንግዳው ተራው በደረሰው ቤት ያድራል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያገኛል፣ ማንም ማንንም አይሻማም። ዛሬ ይህንን ለማስረዳት ሆቴል ተከራይተው ሦስት ቀን ይሰበሰባሉ።

ከባለ ፈረሶቹ አንዷ እትዬ የሺ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ያላቸው አንድ ግንባረ ነጭ ፈረስና ብርቄ የምትባል ልጅ ነው። ብርቄ ስምንተኛን ጥሩ አድርጋ አልፋ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ትማር ነበር። ያቺን ልጅ ከተማ ያቆያት ፈረሱ ነው። እትዬ የሺ ተራቸው ደርሶ ከተራራው ሲመለሱ በማግስቱ ስንቅ ቋጥረው ወደ ማርቆስ ሲወርዱ አያቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ የቱሪዝም ባለሙያ ነኝ የሚል ወጣት ከከተማ መጣ። ሥራችሁ በወረቀት ይጽደቅ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙና ሕጋዊ ትሆናላችሁ አለ። ሰዉ ደስ አለው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ፤ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። የባለ ፈረሶቹ ሽማግሌ አያ ደሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ቃል በቃል አስጻፉኝ።

«ጻፊ። የፈረስ ተራ ከላይኛው ጎጥ ይጀምራል። ፈረሱ የታመመበት ሰው ተራው ይቆየዋል እንጂ አይነጠቅም።»

ጻፍኩ።

«እንግዳ የምንጩን ራስ አይረግጥም፣ በላይ በኩል ይዙር። እዚያ ያለው ሣር ከተረገጠ በበጋ ከታች ያለው አገር ምን ሊጠጣ ነው? ድንኳንም አይተከልም። ማደሪያው ቤታችን ነው። መንገድ መሪውም ከእኛው ልጆች ይሁን።»

ከዚያ የባለ ፈረሶቹን ስም በየተራ መዘገብኩ። እትዬ የሺ ዘንድ ስደርስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «የእኔ ስም ነው የሚጻፍ ወይስ የሟቹ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው እንጂ! ፈረሱ የእርስዎ አይደለም?»

«እስቲ ጽፈሽ አንቢልኝ።»

«የሺ አበጀ፣ አንድ ግንባረ ነጭ ፈረስ።»

ሳቁ። «በወረቀት ተጠርቼም አላውቅ» አሉ። ሁለተኛ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፣ አነበብኩላቸው። በመጨረሻም ሦስቱንም ገጽ ለተሰበሰበው ሰው አነበብኩ፤ ሁሉም ተስማሙ።

በማግስቱ ባለሙያው ወረቀቱን መምህራን ክፍል ውስጥ ቆሞ አየው። ሦስት ገጽ ነበር። «ይኼ ምንድን ነው? የእድር መዝገብ ነው እንዴ?» አለኝ። «ፈረስ፣ ሣር፣ የሰው ስም... ሰነድ እንዲህ አይጻፍም። ጠቅለል አድርጊው።»

እዚህ ላይ ነው በራሴ የምናደደው። እምቢ ማለት እችል ነበር። አስገዳጅ አልነበረም፣ የያዘው ነገር ቢኖር ቦርሳ ብቻ ነው። እኔ ግን በጽሑፌ የምመካ፣ በማሠልጠኛው ሠርቶ ማሳያ ክፍል ስሜ የተነሣ፣ የቢሮ አማርኛ መጻፍ ትልቅ ሰው መሆን የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ቁልጭ ባለ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የአካባቢው ህብረተሰብ ከቱሪዝም ዘርፉ ቀጣይነት ባለው መልኩ ተጠቃሚ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል።» ባለሙያው አነበበና፣ «ይኼ ነው ቋንቋ!» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

በሚቀጥለው እሑድ የጣት አሻራ ማኖሪያ ቀለሙ መጣ። በዚያ አገር አንዴ ተነቦ የተስማሙበትን ነገር እንደገና ይነበብልን ማለት አንባቢውን ዋሽተሃል እንደማለት ነው፤ ነውር ነው። አያ ደሴ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ቀና ብለው፣ «ያው ያነበብሽልን ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ያው ነው። አሳጠርኩት እንጂ» አልኩ።

ሁሉም አሻራቸውን አኖሩ። እትዬ የሺ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት በቀሚሳቸው ጠረጉት።

በጥቅምት አንድ ባለሀብት ወረቀቱን ከቱሪዝም ቢሮው ይዞ መጣ። ድንኳኑን ምንጩ ራስ ላይ ተከለ፤ እይታው እዚያ ያምራል ተባለ። የራሱን ፈረሶች በመኪና እስከ ገበያው አምጥቶ ከዚያ አስነዳ፣ ወጥ ቤቷንም ከከተማ አመጣ። እንግዶቹ በመንደሩ አጠገብ እጃቸውን እያውለበለቡ ያልፋሉ። ከመንደሩ የተቀጠሩት ሁለት ዘበኞች ብቻ ናቸው፣ የሚጠብቁትም የመንደሩ ሰው እንዳይጠጋ ነው! የራሳቸውን ምንጭ!

ከአያ ደሴ ጋር ወደ ቢሮው ወረድን። ያው ባለሙያ ፋይሉን ከፍቶ አነበበልን። «ተጠቃሚ ይሆናል ነው የሚለው። ሁለት ሰው ተቀጥሯል፣ መንገዱም ተጠርጓል። ተጠቃሚ ሆናችኋል ማለት ነው። ፈረስ የሚል የት አለ?»

አያ ደሴ ወረቀቱን ትንሽ አዩት። ማንበብ አይችሉም። ከዚያ በትሕትና፣ «እስቲ ገልብጠው፣ ጌታዬ። ከጀርባው ይሆናል» አሉት።

ሰውዬው ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነበር።

ስንመለስ አያ ደሴ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ቆሙና፣ «ቃሉ ያንቺ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀድመውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ለመንደሩ ሰው ምን እንደነገሩ አላወቅሁም፤ ብቻ ከዚያም በኋላ ሰዉ እንደ ወትሮው ድንችና እርጎ ይልክልኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ እበላ ነበር።

እትዬ የሺ ፈረሱን በጥር ሸጡት። ብርቄ አሥረኛን ሳትጨርስ ተመልሳ መጣች፣ በዓመቱ ተዳረች። ባለሀብቱም አልቆየም። የምንጩ ራስ ሣር በሦስተኛው በጋ ጭቃ ሆነ፣ ውሃው ደፈረሰ፣ ወፍ ሊያዩ የሚመጡትም ቀሩ። እሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ተራራ ፍለጋ ሄደ። እኔም ዝውውር ጠይቄ ወደ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ።

አሁን ጸጉሬ ሸብቷል። በየስብሰባው ቀጣይነት ያለው ቱሪዝም ህብረተሰቡን እንዴት እንደሚጠቅም የሚያስረዱ ሰዎች እሰማለሁ። ሐሳቡን አልጠላም፤ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ይጠቅም የነበረው ግን የማን ፈረስ፣ በማን ተራ፣ በየትኛው መንገድ የሚለው በስም ተለይቶ ስለታወቀ ነው። ህብረተሰብ የሚባል ፈረስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ስሙ ሲወጣ ሰውየውም አብሮ ይወጣል፣ ይህንን ያደረገ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር።

ባለፈው ወር ደምበጫ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት «ቲቸር!» ብላ አቀፈችኝ። ብርቄ ናት። እዚያው ሱቅ ከፍታለች። እናቷ ዓምና ማረፋቸውን ነገረችኝ። የመንደሩ ወጣቶች የፈረስ ተራውን እንደገና ሊጀምሩ ማሰባቸውንም ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ሳትለቅ፣ «እማ እስክትሞት ድረስ፣ ‹ስሜ ወረቀት ላይ አለ፤ አስተማሪዋ ጽፋልኛለች፣ ቢሮዎቹ ደበቁት እንጂ› እንዳለች ነው የኖረችው። ሁልጊዜ ትመርቅሽ ነበር። ያቺ ወረቀት ትገኝ ይሆን? ልጆቹ ቢይዟት ይጠቅማቸዋል፤ እኔም የእሷን ስም ባየው ደስ ይለኛል» አለችኝ።

እፈልግልሻለሁ አልኳት። እንደገና ዋሸሁ።

ብርቄ ማንበብ ትችላለች፤ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ስለዚህ ፊት ለፊት ያልወጣልኝን እዚህ እጽፈዋለሁ። ብርቄ፣ ወረቀቷ አትገኝም። ቢሮዎቹ አልደበቋትም። «ይኼ ነው ቋንቋ» በተባልኩበት ቀን ሦስቱን ገጾች ቀድጄ የጣልኳቸው እኔ ነኝ። የሺ አበጀ፣ አንድ ግንባረ ነጭ ፈረስ የሚለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።