በስህተት የጸለይኩት መዝሙር

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ሲደርስ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። “እማ፣ ለፈተና የሚጸለየው ዳዊት ስንተኛው ነው?” ትላለች። ደምበል አጠገብ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። “ዘጠና” ብዬ ከላክሁ በኋላ ደንገጥ አልኩና “ቆይ፣ የያዝሽው መጽሐፍ የቱ ነው?” ብዬ ጨመርኩ። “በቃ ስልኬ ላይ ያለው ነዋ፤ ልዩነት አለው እንዴ?” አለችኝ። ብቻዬን ስስቅ ከፊቴ የተሰለፈው ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ልዩነት መኖሩን እኔ የተማርኩት በገዛ ራሴ ላይ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት ነው። ታይፕ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ቤት ውስጥ ዓይኔን ብጨፍንም ጣቶቼ ቁልፎቹን አይስቱም። ፈታኝ ከኋላዬ ሲቆም ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። በዚሁ ሰበብ ሁለት መሥሪያ ቤት ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛው እዚያው ሰፈራችን ያለ መሥሪያ ቤት ነበር። እሱንም ከወደቅኩ ደሴ ሄጄ አክስቴ ሱቅ እንድሠራ ቤተሰቡ ተስማምቷል። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ግን አዲስ አበባን ትቼ ስኳር ልመዝን? ፈተናው ሲቃረብ እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ፍልሰታ ሳይገባ ብላ ከቄራ ያስመጣችውን ዱለት እንኳ ገፍቼ ተነሳሁ፤ ያን ጊዜ ነገሩ የምር መሆኑ ለሁሉም ገባቸው።

አባባ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ጠዋት የዕለቱን የዳዊት ክፍል በግእዝ ሳያደርሱ ቁርስ አይቀምሱም። ሁኔታዬን አይተው ዘጠናኛውን መዝሙር ጠዋትና ማታ እንድደግም፣ ቀሪውን ለእግዚአብሔር እንድተውለት መከሩኝ። እሺ አልኩ። የትኛው እንደሆነ እንደማላውቅ ለመናገር ግን አፈርኩ። የእሳቸው ልጅ ሆኜ! ግእዙን ማንበብ ስለማልችል ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተዋስኩ። እትዬ ብርቄ ፕሮቴስታንት ናቸው። የእኛ ዘጠናኛ መዝሙር በእሳቸው መጽሐፍ ዘጠና አንደኛ መሆኑን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ገልጬ ሳነብ ክው አልኩ። ሰው ማለዳ በቅሎ ማታ የሚጠወልግ ሣር ነው ይላል። ዕድሜው ሰባ፣ ቢበረታ ሰማንያ፣ እሱም ድካም ነው ይላል። አባባ ሊያጽናኑኝ ነው ሊያሰናብቱኝ? ቢሆንም የአባት ትእዛዝ ነውና ሦስት ቀን እያጉረመረምኩ ደገምኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሺህ ዓመት በእግዚአብሔር ፊት እንዳለፈች ትናንት ናት የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሺህ ዓመት ትናንት ከሆነ የአሥር ደቂቃ ታይፕ ምንድን ነው? ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ከመጨረሻው ላይ ደግሞ የእጃችንን ሥራ እንዲያቀናልን የሚለምን ቃል አለ። እጆቼን አየኋቸው። እስከዚያ ቀን “አሳልፈኝ” እያልኩ ስነዘንዘው እንጂ “እጄን ያዘው” ብዬ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ፣ ቀለልም አለኝ።

የፈተናው ዕለት ፈታኟ እንደ ፈታኞች ልማድ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እጄ አንዴ ተንቀጠቀጠ። በልቤ “አቅናልኝ” አልኩና ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ መቼ ወደ ሌላው ተፈታኝ እንዳለፈች አላየሁም።

ስወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ከሰሏን እያራገበች በቆሎ ትጠብሳለች። ሽታው ሲመጣ ራበኝ። ከስንት ቀን በኋላ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ራበኝ። ሁለት ገዝቼ አፌንና አፍንጫዬን ጥላሸት እየተቀባሁ በእግሬ ቤት ገባሁ። ውጤቱ የሚለጠፈው በሳምንቱ ነበር።

ማታ ለአባባ የሣሩ መዝሙር እንዳረጋጋኝ ነገርኳቸው።

“የምን ሣር?” አሉ።

መጽሐፉን አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ቁጥሩን አዩ፣ እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የእሳቸው ዘጠናኛ እግዚአብሔር በክንፉ ስለ መጋረዱ፣ በቀን ስለሚወረወር ፍላጻ የሚናገረው ነው። ሳቃቸው ሲበርድ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

“እኔ ከፍላጻ እንዲጋርድሽ ነበር የላክሁሽ” አሉኝ። “እሱ ግን የጎደለሽን ያውቃል።”

ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኜ አለፍኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው በጽሕፈት ሥራ ነው። አሁን ሁለቱንም መዝሙሮች እጸልያለሁ፤ ለልጄም ሁለቱንም ልኬላታለሁ። ይህን ታሪክ የሰሙ ወዳጆቼ “ጸሎትሽ ደረሰ” ይሉኛል፣ ማለፌን ማለታቸው ነው። በእኔ ቤት ግን ጸሎቴ የደረሰው ያን ዕለት መንገድ ላይ ነው። በቆሎውን ስግጥ ማለፌን አላውቅም ነበር። ወድቄ ደሴ ብሄድ ኖሮ እንኳ የበቆሎው ጣዕም አይቀንስም ነበር።