ሲንቄ የያዘችው ሰይፈኛ

ሰሞኑን ሲፈን ስልኳን እያየች ስትበሳጭ አገኘኋት። የልጅነት ጓደኛዬ የሌንሳ ልጅ ናት። የምትወደው የጀብዱ ፊልም ቀጣዩ ክፍል አይሠራም ተብሏል አሉ።

«በቃ አክስቴ፣ ጀግናዋ ገደሉ ላይ እንደተንጠለጠለች ልትቀር ነው።»

«ሥዕል ትችዪ የለም እንዴ? ራስሽ ቀጥዪዋ!» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ንዴቴ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል።

በእኛ ጊዜ አሰላ ውስጥ ፊልም የምናየው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጋሽ ተሾመ ቪዲዮ ቤት ነበር። ቤቱ ዝናብ የጠጣ ካፖርትና የገብስ ቆሎ ይሸታል። ሴት ልጅ እዚያ መታየቷ ስለሚያስወራ እኔና ሌንሳ ተከናንበን ከኋላ አግዳሚ ላይ እንቀመጥ ነበር። አንድ ክረምት ያየነው ፊልም ላይ አንዲት ሰይፈኛ ልዑሉን ከዘንዶ ልታድን ስትዋጋ ሰይፏ ተሰበረ፤ እሷም ድንጋይ ሆና ቀረች። ልዑሉስ? ሌላ አገባ! ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ።

በማግስቱ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድጄ፣ ንጹሑን የውስጥ ወረቀት በመስመር ሳጥን ሳጥን አድርጌ ከፋፍዬ ታሪኳን በከሰል ቀጠልኩ። የጭላሎ ተራራ ዝናብ ድንጋይነቷን አጥቦ አስነሣት። ፈረስ ሰጥቼ በኢተያ የስንዴ ማሳ መሀል አስጋለብኳት። ግን ዘንዶው ሲመጣ በምን ትዋጋ?

«ሲንቄ ስጫት» አለች ሌንሳ።

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን የክብር በትር ነው። ሐሳቡ በጣም ደስ አለኝ። ሰይፈኛዋ በሲንቄ የዘንዶውን አናት ስትፈረክስ ሥዬ፣ እህል ለሚነግዱት ለሌንሳ እናት ለአዴ ጫልቱ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ሲንቄ ይመታበታል እንዴ? ዱላ መሰለሽ?»

«ታዲያ በምን ታሸንፍ፣ አዴ?»

«ይዛው መሀል መንገድ ትቆማለች። ትጮኻለች። የሰማች ሴት ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ማን ያልፋል?»

ሥዕሉን ቀድጄ እንደገና ሣልኩ። አሁን ዘንዶው በሴቶች ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሰው አይቶት ያቺ ሴት እንዳልሞተች እንዲያውቅ ፈለግሁ፤ ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ወደ ጋሽ ተሾመ ይዤው ሄድኩ።

«ግሩም ነው» አለኝ አገላብጦ። «የቤቴ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ግን መጨረሻው ላይ ልዑሉ ይመለስና ያግባት። ሰው ሰርግ ይወዳል። ሲንቄ ደግሞ ያላገባች አትይዝም።»

«አታገባውም፣ ጋሽ ተሾመ።»

«እንግዲያው አይሰቀልም።»

ሥዕሌን ጠቅልዬ ወጣሁ። እሱን? ትቷት የሄደውን? ድንጋይ ሆና ብትቀር ይሻላታል! ለአዴ ጫልቱ ነገርኳቸው። እህል መስፈራቸውን አላቋረጡም።

«ሲንቄ የምትሰጥ እናት ናት፤ ባል አይደለም» አሉ። «እናት ከሌላት እኔ አለሁ። በዪ፣ የምትሰጣትን ሴትዮ እኔን አስመስለሽ ሣዪ።»

በገበያ ቀን ሥዕሎቹን እህል ሱቃቸው ሳንቃ ላይ በሚስማር መታናቸው። ሌንሳ በኦሮምኛ እያንዳንዱን ሥዕል ትተርካለች። ከገጠር የመጡት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ አንዲት አሮጊት እልል አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። መንገዱ ተዘጋ። ወደ ቪዲዮ ቤት የሚሄዱት ወንዶች ማለፊያ አጡ፤ ምን ተፈጠረ ብሎ የወጣው ጋሽ ተሾመም ከማዶ ቆሞ ቀረ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወረቀቱን የዚያው ክረምት ዝናብ ጨረሰው።

ይህን ሁሉ ያን ዕለት ለሲፈን ተረክሁላት፤ ትናንት ሥዕሎቿን ይዛ መጣች። ገደሉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጀግና የምታወጣት የእኔ ሰይፈኛ ናት፤ ሲንቄዋን ዘርግታ ትስባታለች። ደስ ብሎኝ የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ሰርግ ነው። የእኔዋ ሴትዮ አበባ ደፍታ ቁጭ!

«ማንን ነው ያገባችው?»

«ፈረስ ጠባቂውን። ራሷ ነው የመረጠችው።»

«አታገባም!» አልኩ።

ሲፈን አገጯን ቀና አደረገች። «ታገባለች፣ አክስቴ።»

ያቺን አገጭ አውቃታለሁ፤ ጋሽ ተሾመ ፊት የእኔ ነበረች። ተነሥቼ መዶሻና ሚስማር አመጣሁላት።